ጨዋታ የወላጅ ግዴታ ነውን?



የቤተሰብ ጉዳይ በተነሣ ቍጥር የምንነጋገረው ስለ ምግብ፣ ስለ ልብስ፣ ስለ ትምህርትና ስለ ሥርዓት ነው። ወላጅ ለልጁ ምን ሊያደርግለት ይገባል ተብለን ብንጠየቅ እነዚህን በጣታችን እየቈጠርን እንዘረዝራለን፤ «ከልጁ ጋር መጫወት» የሚለውን ግን ከመካከላችን የሚጠራው ጥቂት ነው። ጨዋታን የልጅ ድርሻ፣ ሥራን የአዋቂ ድርሻ አድርገን ከከፈልን ብዙ ዘመን ሆኖናል። ለመሆኑ ይህ አከፋፈል ትክክል ነውን? ጨዋታ ለወላጅ እንዲያው የሚፈቀድለት ነገር ብቻ ነው ወይስ የሚጠበቅበት ግዴታ? ጥያቄው የገጠመኝ መጽሐፍ ሳነብ ሳይሆን፣ ከአገሬ ርቄ በአንድ የመንሸራተቻ አዳራሽ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጬ ሳለሁ ነውና፣ አስቀድሜ ነገሩን እንደ ነበረ ላውጋችሁ።

የቤቱ አፍ

ታናሽ ወንድሜ በደሴ ከተማ የታወቀ ግንበኛ ነበር። በሦስተኛ ፎቅ መወጣጫ ላይ ቆሞ ድንጋይ ሲያስተካክል ከታች የሚያየው ሰው ይሰጋለት ነበር እንጂ እርሱስ አንድም ቀን ሰግቶ አያውቅም። ቱምቢ ጥሎ ከማረጋገጡ በፊት የግድግዳውን መዝመምና መቅናት በዓይኑ ይለይ ነበር። ከዓመታት በፊት የዲቪ ዕጣ ደርሶት ከባለቤቱና ከሁለት ልጆቹ ጋር ወደ አሜሪካ ተሻገረ፤ ዛሬ ከዋሽንግተን ከተማ በስተ ሰሜን በምትገኘው፣ ብዙ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩባት በሲልቨር ስፕሪንግ ይኖራሉ። እርሱ ቀን በመኪና ማቆሚያ ስፍራ ይሠራል፣ ማታ ደግሞ ዕቃ ያመላልሳል፤ ባለቤቱ በአረጋውያን መጦሪያ ቤት በፈረቃ ታገለግላለች።

ወንዱ ልጃቸው የ12 ዓመት፣ ሴቲቱ የ7 ዓመት ልጆች ናቸው። ወንድሜ ትምህርቱን ከስምንተኛ ክፍል ስላቋረጠ፣ እጁም ለድንጋይ እንጂ ለመጽሐፍ ስላልተገራ፣ የዚያ አገር ቋንቋ እስካሁን ይከብደዋል። ልጁ ግን በሁለት ዓመት ውስጥ እንደ ውኃ ጠጣው። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ የቤቱ አፍ እርሱ ሆነ። የመብራት ሒሳብ ደብዳቤ ሲመጣ የሚያነበው እርሱ ነው፤ ከአከራዩ ጋር በስልክ የሚነጋገረው እርሱ ነው፤ በመሥሪያ ቤቱ መስኮት ፊት ከአባቱ ቀድሞ የሚቆመውም እርሱ ነው። በዚያ ዕድሜው የኪራይ ውል ምን እንደሚል፣ መቀጫ ከስንተኛው ቀን ጀምሮ እንደሚታሰብ ያውቃል። እንግዳ ሆኜ የሄድሁ ሰሞን ይህን አይቼ አደነቅሁና፣ «ተባረክ፤ የአባትህ ምርኵዝ ሆንህ» አልሁት። ምርኵዝም የሚያርፍበት ክብደት እንዳለ ያን ጊዜ አላሰብሁም።

በሳምንቱ ወላጆች ከመምህራን ጋር የሚገናኙበት ቀን ደረሰና ከወንድሜ ጋር ወደ ትምህርት ቤቱ ሄድሁ። እኔ በሥራዬ ምክንያት ቋንቋውን አውቃለሁ፤ ነገር ግን ላስተርጕም ብዬ ሳልነሣ ልጁ እንደ ልማዱ በአባቱና በመምህርቱ መካከል ተቀመጠ። ስለ ራሱ የሚባለውን ራሱ ሊያስተረጕም ነው። መምህርቱ አስቀድማ ውጤቱን አመሰገነች። ቀጥላም ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ በዕረፍት ሰዓት ጓደኞቹ ሲሯሯጡ እርሱ ግድግዳውን ተደግፎ እንደሚቆም፣ ሲጫወት አይታው እንደማታውቅ፣ ፊቱም የትልቅ ሰው ጭንቀት የተሸከመ እንደሚመስልና እንደምታዝንለት ተናገረች። ልጁ ለጥቂት ጊዜ ዝም አለ። ከዚያም ወደ አባቱ ዘወር ብሎ፣ «ጎበዝ ተማሪ ነው ትላለች፤ ሌላ ምንም የለም» አለው። አባትየው ደስ ብሎት የልጁን ራስ ዳበሰ።

እኔ ሰምቼ ዝም አልሁ። ልጁን በአባቱ ፊት ላለማሳፈር ብዬ ነው ዝም ያልሁት፤ ወይም እንዲህ ብዬ ራሴን አሳመንሁ።

አዳራሹ

በዚያው ሰሞን ታናሺቱ ልጅ ከወንድሟ ቦርሳ ውስጥ የተጣጠፈ ወረቀት አውጥታ መጣች። ትምህርት ቤቱ የተማሪዎቹን ቤተሰቦች ለአንድ ምሽት ወደ መንሸራተቻ አዳራሽ የሚጠራበት ማስታወቂያ ነበር። በዚያ አገር እንዲህ ያለ የቤተሰብ ምሽት የተለመደ ነው። የመግቢያው ዋጋና የባለ ጎማው ጫማ ኪራይ ከግርጌ ተጽፏል። ወረቀቱ በቦርሳው ውስጥ ሁለት ሳምንት ተደብቆ ኖሯል። አባቱ ለምን እንዳላሳየው ሲጠይቀው፣ «አባዬ፣ ለአምስት ሰው ስንት እንደሚመጣ ደምሬዋለሁ» አለ። ወንድሜ ወረቀቱን ተቀብሎ፣ «እንሄዳለን» ብሎ ብቻ መለሰ። ባለቤቱም ፈረቃዋን ከባልደረባዋ ጋር ተቀያየረች።

አዳራሹን ላላየው ሰው ልግለጽ። ሰፊና ለስላሳ ወለል ነው፤ ዙሪያውን ዝቅተኛ አጥር አለው፤ ከአጥሩ ውጭ አግዳሚ ወንበሮች ተደርድረዋል። ሙዚቃ ይሰማል፣ ባለ ልዩ ልዩ ቀለም መብራት ይሽከረከራል፤ ሕዝቡ ሁሉ በአንድ አቅጣጫ ይዞራል። ገና ለሚማሩ ሕፃናት እየተደገፉ የሚገፉት ባለ ጎማ መደገፊያ ይሰጣቸዋል። የወንድሜ ባለቤት ጫማዋን አጥልቃ የአጥሩን ጠርዝ ይዛ ገባች፤ ታናሺቱም መደገፊያዋን እየገፋች እናቷን ቀድማ ሄደች። ወንዱ ልጅ ግን ጫማ አልተከራየም። «ኮቶቹን እጠብቃለሁ» ብሎ በአባቱ አጠገብ ተቀመጠ። አባትየውም ኮቱን እንደ ለበሰ፣ እጁን አጣምሮ ተቀምጧል።

እዚህ ላይ ስለ ስፍራው ጥቂት ማለት ይገባል። የባለ ጎማ ጫማ ታሪክ ራሱ በመውደቅ ይጀምራል። በ18ኛው መቶ ዘመን በለንደን ይኖር የነበረ ጆን ጆሴፍ መርሊን የሚባል የመሣሪያ ሠሪ፣ በራሱ እጅ በሠራው ባለ ጎማ ጫማ ቫዮሊን እየተጫወተ ወደ አንድ የጭምብል ግብዣ ገባ፤ ነገር ግን መታጠፊያም ሆነ መቆሚያ ዘዴ አልነበረውምና ከ500 ፓውንድ በላይ ከሚያወጣ መስተዋት ጋር ተላትሞ መስተዋቱንም ቫዮሊኑንም ሰባበረ፤ እርሱም ክፉኛ ቈሰለ ተብሎ ይተረካል። ከመቶ ዓመት ገደማ በኋላ፣ በ1863 እ.ኤ.አ.፣ ጄምስ ፕሊምፕተን የተባለ አሜሪካዊ በኒው ዮርክ አራት ጎማ ያለውን ጫማ አሻሽሎ ሠራ። ጎማዎቹን ከፊት ሁለት፣ ከኋላ ሁለት አድርጎ ከላስቲክ ትራስ ጋር ስላያያዛቸው፣ ሰው ሰውነቱን ወደ አንድ ጎን ጥቂት ሲያዘነብል ጫማው ወደዚያው ይታጠፋል። እንግዲህ በዚህ ጫማ ላይ ግትር ብሎ የቆመ ሰው መታጠፍ አይችልም፤ ለመታጠፍ ማዘንበል ግድ ነው።

ይህ ወለል ለሁሉም ክፍት ሆኖ የኖረም አይደለም። በብዙ የአሜሪካ ከተሞች ጥቁሮች ወደ መንሸራተቻ አዳራሽ እንዳይገቡ ይከለከሉ፣ ወይም በሳምንት አንድ ምሽት ብቻ ይፈቀድላቸው ነበር። በቺካጎ በ1940ዎቹ በዚህ ምክንያት በአዳራሽ ደጃፍ ተቃውሞ ተደርጓል። በኦገስት 1963 ደግሞ ሌጀር ስሚዝ የተባለ ጥቁር አሜሪካዊ ከቺካጎ እስከ ዋሽንግተን ያለውን 1,100 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ በባለ ጎማ ጫማ በ10 ቀን ተጉዞ፣ ማርቲን ሉተር ኪንግ በኦገስት 28 ንግግር ወዳደረጉበት ታላቅ ሰልፍ ደርሷል። ጨዋታ ከንቱ ነገር ቢሆን ኖሮ ሰዎች ሌላውን ከጨዋታ ለመከልከል ያን ያህል ባልደከሙ፣ የተከለከሉትም ያን ያህል ባልታገሉ ነበር።

ወንድሜን ለምን እንደማይነሣ ጠየቅሁት። እንዲህ ሲል መለሰልኝ፦ «ጋሼ፣ በመሥሪያ ቤቱ ልጄ ይመራኛል፤ በሐኪም ቤቱ ልጄ ይመራኛል። ዛሬ ደግሞ እዚህ ሕዝብ ፊት እጄን ይዞ ዳዴ ይበለኝ? ልጅ ለናቷ ምጥ አስተማረች ማለት ይኸው አይደለም? ከአባትነቴ የቀረችኝ ይቺ ቀጥ ብዬ መቆሜ ናት።»

በዚህን ጊዜ ዝምታዬ ከበደኝ። ልጁን ውኃ ግዛልን ብዬ ላክሁትና፣ መምህርቱ የተናገረችውንና ልጁ ያስቀረውን ለአባቱ ነገርሁት። ወንድሜ ለረጅም ጊዜ ወለሉን ተመለከተ። በመጨረሻም፣ «ጋሼ፣ አንተስ ሰምተህ ዝም አልህ?» አለኝ። መልስ አልነበረኝም። ከዚያ ኮቱን አውልቆ በእጄ አስያዘኝና ወደ ኪራዩ መስኮት ሄደ፤ ሁለት ጥንድ ጫማም ይዞ ተመለሰ።

ልጁ ውኃውን ይዞ ሲመጣ አባቱ የጫማውን ማሰሪያ ሲያጠብቅ አገኘው። «አባዬ፣ አትችለውም» አለው። «ታስተምረኛለህ» አለ አባትየው። ልጁ ጥቂት አመነታና፣ «እኔም አላውቅም» አለ። ወንድሜም፣ «እንግዲያው ሁለታችንም አናውቅም፤ ና» ብሎ እጁን ዘረጋለት።

ገብተው አሥር እርምጃ ያህል እንደ ሄዱ አባትየው ወደ ኋላ ተንሸራቶ በመቀመጫው ወደቀ፤ ልጁንም ይዞት ወደቀ። ልጁ አስቀድሞ ማን እንዳያቸው ለማወቅ ዙሪያውን ተመለከተ። ማንም አላያቸውም፤ በዚያ ወለል ላይ የማይወድቅ የለምና። ወንድሜ ከተቀመጠበት ሳይነሣ፣ «በደሴ ስንት ፎቅ ወጥቼ ያልወደቅሁ ሰው!» ብሎ ሳቀ። ልጁም ሳቀ። በዚያ ቤት በቈየሁባቸው ሁለት ሳምንታት የልጁን ሳቅ ስሰማ ያ የመጀመሪያዬ ነበር። ታናሺቱ መደገፊያዋን እየገፋች ደረሰችና፣ ጉልበታቸውን አጠፍ እንዲያደርጉ፣ ሲወድቁም ወደ ጎን እንጂ ወደ ኋላ እንዳይሆን በታላቅ ሥልጣን አስተማረቻቸው። ምሽቱ ሳያልቅ ልጁ የአባቱን እጅ ለቆ ከክፍል ጓደኞቹ ጋር ሲዞር አየሁት።

ሸክምና ጨዋታ የሚለዩበት

ወደ ጥያቄያችን እንመለስ። በላይ ሲታይ ወንድሜ የፈራው ነገር ተፈጽሟል፤ በመሥሪያ ቤቱ ልጁ እንደ ደገፈው በአዳራሹም ልጁ ደግፎታል። ታዲያ አንደኛው ልጁን እያስረጀው፣ ሌላው ስለ ምን ወደ ልጅነቱ መለሰው?

እንደ እኔ አስተሳሰብ ልዩነቱ ስሕተት በሚያስከፍለው ዋጋ ላይ ነው። በመሥሪያ ቤቱ መስኮት ፊት ልጁ አንድ ቃል ቢሳሳት ቤተሰቡ በሙሉ ይጎዳል፤ ስለዚህ በዚያ ስፍራ «አላውቅም» ማለት አይችልም። የ12 ዓመት ልጅ አላውቅም የማለት መብቱን ካጣ ልጅነቱን አጥቷል። በጨዋታ ስፍራ ግን መውደቅ የጨዋታው አንድ ክፍል ነው፤ የወደቀ ይነሣል፣ ማንም አይቀጣም፣ ማንም አይራብም። ልጁ በዚያ ምሽት ለአባቱ «እኔም አላውቅም» ሲል የሰማሁት ቃል የብዙ ጊዜ ሸክም ሲወርድ የሚሰማ ድምፅ ነበር። ይህን ቃል ሊናገር የቻለውም አባቱ አስቀድሞ አላውቅም ስላለ ነው።

ከዚህ የምንረዳው፣ ጨዋታ ለልጅ በገንዘብ የሚገዛለት ስጦታ ብቻ አለመሆኑን ነው። ወንድሜ የመግቢያውን ዋጋ ከፍሎ ልጁን «ሂድና ተጫወት» ሊለው ይችል ነበር፤ እንዲያውም ብሎታል፤ ልጁ ግን ኮት ጠባቂ ሆኖ ተቀመጠ። ጭንቀትን ከአባቱ የተማረ ልጅ ከጭንቀት ማረፍንም ከአባቱ ሊማር ይገባዋል። ይህን በመላክ ማስተማር አይቻልም፤ የሚቻለው አብሮ በመግባት ነው።

ሦስት ተቃውሞዎች

በዚህ አሳብ ላይ የሚነሡትን ተቃውሞዎች በቅንነት መመርመር ይገባል።

1ኛ. «አባት ከልጁ ጋር ወርዶ ከተጫወተ ክብሩን ያጣል፤ ነገ ሲገሥጸውም ልጁ አይሰማውም» የሚል ነው። ተቃውሞው ቀላል አይደለም። ሆኖም ክብርን ከግትርነት ለይተን ማየት አለብን። በሰው መውረድና በራስ ፈቃድ መውረድ አንድ አይደሉም። በመሥሪያ ቤቱ ወንድሜን ያዋረደው ሳይወድ መመራቱ ነበር፤ በአዳራሹ ግን ራሱ ፈቅዶ ወረደ፤ ፈቅዶ የወረደ ሰው ሲወድ ይወጣል። እንዲያውም በማግሥቱ ጠዋት አባትየው ልጁን ጠርቶ፣ ከእንግዲህ የመምህርን ቃል ማስቀረት እንደማይገባው ሲገሥጸው ሰማሁ፤ ልጁም አንገቱን ደፍቶ ሰማው። ተግሣጹ የተሰማው አብረው ቢወድቁም ሳይሆን አብረው ስለወደቁ ይመስለኛል።

2ኛ. «ዘመድ በችግር ላይ እያለ ለጨዋታ ገንዘብ ማውጣት ኃጢአት አይሆንምን?» የሚል ነው። ወንድሜ ራሱ በዚያ ምሽት ከሁሉ ይልቅ ያስጨነቀው ይህ ነበር፤ በደሴ የምትኖር እናታችን በየወሩ ከሚልክላት የምትኖር ናትና። ለዚህ ጥያቄ ለሁሉ የሚሆን አንድ መልስ የለኝም፤ ጎረቤቱ ሲራብ የሚዘፍን ሰው በጨዋታ ስም ሊጸድቅ አይችልም። በልጅ አመካኝቶ ይበላል አንጉቶ እንደሚባለውም፣ በልጆች ስም የራሳችንን ምቾት የምናሳድድበት ጊዜ አለ። ነገር ግን ሒሳቡን ስንሠራ በሙሉ እንሥራው። በዚያ ቤት የተቈጠበው ገንዘብ ከፊሉ የተቈጠበው ከልጁ ልጅነት ላይ ነበር፤ ይህን ዕዳ ግን በማንኛውም ደብዳቤ ላይ የጻፈው አልነበረም። ወደ አገሬ ተመልሼ ለእናታችን ነገሩን ሁሉ ባወራሁላት ጊዜ በመጀመሪያ፣ «ተጎዳ?» አለችኝ። አልተጎዳም አልኋት። «ልጁስ ሳቀ?» አለችኝ። ሳቀ አልኋት። «እንግዲያው የዚያ ቀኑ ገንዘብ ደርሶኛል በለው» አለች።

3ኛ. «ጨዋታ ሰውን ያሰንፋል፤ የነፍስንም ቁም ነገር ያጠፋል» የሚል ነው። በዚህ ላይ የቀድሞ ሊቃውንት ከኛ ይልቅ ለጨዋታ የቀረቡ መሆናቸውን ስናይ እንደነቃለን። አርስቶትል በሥነ ምግባር መጽሐፉ በአራተኛው ክፍል፣ በጨዋታና በቀልድ ረገድ ልከኛ የሆነውን ሰው ከቀላጁና ከደረቁ መካከል ያስቀምጠዋል። በ1274 እ.ኤ.አ. ያረፈው ቅዱስ ቶማስ አኩዊናስም ሱማ ቴዎሎጂካ በተባለው ሥራው፣ በሁለተኛው ክፍል ሁለተኛ ንዑስ ክፍል፣ በጥያቄ 168፣ ሰውነት ሲደክም በዕረፍት እንደሚታደስ ሁሉ አእምሮም ሲደክም በጨዋታ እንደሚታደስ ያስተምራል። ለዚህም ከዮሐንስ ካስያኖስ የተወረሰውን ትረካ ይጠቅሳል። ወንጌላዊው ቅዱስ ዮሐንስ ከደቀ መዛሙርቱ ጋር ሲጫወት አይተው የተሰናከሉ ሰዎች ነበሩ። እርሱም ከመካከላቸው ቀስት የያዘውን ሰው ፍላጻ እንዲወረውር አዘዘው፤ ሰውየው ደጋግሞ ከወረወረ በኋላ ያለ ማቋረጥ ሊቀጥል ይችል እንደሆነ ቢጠይቀው፣ ቀስቱ ይሰበራል ብሎ መለሰ። የሰው አእምሮም ሳይላላ ሁልጊዜ ተወጥሮ ቢኖር እንደዚሁ ይሰበራል የሚለው የትረካው ፍሬ ነገር ነው።

ሆኖም ቅዱስ ቶማስ ጨዋታን ያለ ገደብ አልለቀቀውም። ጨዋታው ነውር ወይም ጉዳት ያለበት እንዳይሆን፣ የነፍስ ክብደት ፈጽሞ እንዳይጠፋ፣ ለሰውየው፣ ለጊዜውና ለስፍራው የሚስማማ እንዲሆን ይጠይቃል። ከዚያ ግን ብዙዎቻችን የማንጠብቀውን ይጨምራል፤ ራሱ የማይጫወት፣ የሌላውንም ጨዋታ የሚያደርቅ ሰው ለሌሎች ሸክም ስለሚሆን፣ ይህም ጉድለት እንደሆነ ይናገራል። እንግዲህ ደረቅነት ሁልጊዜ ጽድቅ አይደለም።

ለእኛስ?

አንዳንድ አንባቢ ይህ ሁሉ የሩቅ አገር ወሬ ነው ይል ይሆናል፤ በእኛ አጥቢያ የመንሸራተቻ አዳራሽ የለምና። የቤቱን አፍ የሆነ ልጅ ግን በእኛም ዘንድ አለ። ማንበብ ለማይችሉ ወላጆቹ ደብዳቤውንና የስልኩን መልእክት የሚያነብ ልጅ አለ፤ ዓይነ ስውር አባቱን እየመራ የሚውል ልጅ አለ፤ እናቷ ታማ ታናናሾቿን የምታሳድግ ልጅ አለች፤ ሊስትሮ እየሠራ ቤት የሚያግዝ አለ። እነዚህን ልጆች እናመሰግናቸዋለን፤ ምስጋናውም ይገባቸዋል። ነገር ግን እኔ የወንድሜን ልጅ ምርኵዝ ብዬ እንዳመሰገንሁት፣ ምስጋናችን ሸክሙን የሚያጠብቅ ማሰሪያ እንዳይሆን እንጠንቀቅ።

ልጆች የማረፍና የመጫወት መብት እንዳላቸው በ1989 እ.ኤ.አ. የወጣው የተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት መብቶች ስምምነት በአንቀጽ 31 ይደነግጋል፤ አገራችንም ስምምነቱን በ1991 ተቀብላለች። ከዚያ እጅግ አስቀድሞ ነቢዩ ዘካርያስ የታደሰችውን ኢየሩሳሌም ሲገልጽ (ዘካ. 8፥5) አደባባዮቿ በሚጫወቱ ወንዶችና ሴቶች ልጆች የተሞሉ መሆናቸውን ከበረከቷ ምልክቶች አንዱ አድርጎ ቈጥሮታል። ከተማይቱ በሰላም እንዳለች የሚታወቀው ልጆቿ ያለ ፍርሃት ሲጫወቱ ነውና።

ከዚያ ምሽት በኋላ በወንድሜ ቤት ሁሉ ነገር ተስተካከለ ብዬ አላበቃም። ደብዳቤዎቹን አሁንም የሚያነበው ልጁ ነው፤ ኪራዩም አልቀነሰም። ሁለት ነገሮች ግን ተለውጠዋል። ወንድሜ ለሚቀጥለው የወላጆች ስብሰባ አዋቂ አስተርጓሚ እንዲመደብለት ትምህርት ቤቱን ጠየቀ፤ ተመደበለትም። በወር አንድ ቅዳሜ ማታም ከልጆቹ ጋር ይጫወታል፤ ገንዘብ ሲኖር በአዳራሹ፣ ሳይኖር ከቤቱ በስተ ኋላ ባለው ሜዳ በኳስ።

ስለሆነም ለጥያቄው ያለኝ መልስ አዎን የሚል ነው። ጨዋታ የወላጅ ግዴታ ነው፤ ከእንጀራ በኋላ የሚመጣ ቢሆንም ከእንጀራ የተነሣ የሚሰረዝ አይደለም። የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን ሆይ፣ ልጆችን በምታስተምሩበት ግቢ በዕረፍት ሰዓት ግድግዳውን ተደግፎ የሚቆመውን ልጅ ፈልጉት። እርሱ አብዛኛውን ጊዜ ሥርዓት ያለውና ጥያቄ ሁሉ የሚመልሰው ልጅ ነው፤ ስለዚህም ከሁሉ ያነሰ ትኵረት የምንሰጠው እርሱ ነው። ስለ እርሱ ያያችሁትን ለወላጆቹ ስትነግሩ በልጁ አፍ አትላኩት፤ ራሳችሁ ሂዱና ንገሯቸው። እናንተም ወላጆች፣ ከዛሬ ጀምሮ በሳምንቱ ውስጥ አንድ ሰዓት፣ መውደቅ የማያስቀጣበት አንድ ስፍራ ለልጆቻችሁ ፈልጉ፤ ከእነርሱም ጋር ግቡ።